በግራው በኩል

የኋላ በራችን ምሳ ሰዓት ላይ ይቧጠጣል። አይንኳኳም፤ በጥፍር ነው የሚቧጠጠው፣ ሦስት ጊዜ። ከበሩ ውጪ ማንም እንደሌለ አውቃለሁ። ቢሆንም መቀሱ እጄ ላይ ይቆማል። ወንበሬ ላይ የተቀመጠው ሰው «ምነው ቆምሽ?» ሲለኝ «ጭንቅላትህን እየለካሁ ነው፤ እንዲህ የሚያህል ገጥሞኝ አያውቅም» ብዬ አስቀዋለሁ። እሱ ሲስቅ እኔ አዳምጣለሁ።

ነገሩ የጀመረው የስምንት ዓመት ልጅ ሆኜ ነው። ቤታችን ሁለት ፊት ነበረው። በዋናው መንገድ በኩል የአጎቴ ፀጉር ቤት፣ ከጀርባ በቀጭኗ መንገድ በኩል ደግሞ የአባባ ክፍል። አባባ የእናቴ አባት ነው። ወጌሻ ነበር፤ የወለቀ ትከሻ ይመልሳል፣ የዞረ ቁርጭምጭሚት ያቃናል። በሁለቱ ክፍሎች መሃል አንድ በር አለ፣ በሩ ላይ ወፍራም መጋረጃ። ከመጋረጃው ስር እኔ አለሁ።

የፊቱ ክፍል ለስሙ ፀጉር ቤት ይባል እንጂ ዋናው ሥራው ክርክር ነበር። ሁሉም ሰማያዊ ናቸው፤ ማለቴ የሰማያዊዎቹ ደጋፊ። ያን ሳምንት ግን ስለራሳቸው ቡድን ያወራ አልነበረም። እሁድ ከቀዮቹ ጋር ልንጋጠም ነው፤ ያሸነፈ ዋንጫውን ይወስዳል።

«አራት ጎል!» ይላል ልብስ ሰፊው፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ። ሱቁ አጠገባችን ነው፤ ደንበኛ ሱሪ ሊያስለካ ሲመጣ እኛ ቤት ነው የሚያገኘው። «በአሥራ ስምንት ጨዋታ የገባባቸው አራት ጎል ብቻ! ይሄ ተከላካይ አይደለም፣ ግድግዳ ነው!»

«በረኛቸው ነው» ይላል አጎቴ፣ ዓይኑን ከቶንዶሱ ሳያነሳ። «በረኛውን አውጣና እየው፣ ግድግዳህ ጭቃ ነው።»

«በረኛው? በረኛው እኮ ኳስ ሳይነካ ነው የሚውለው! ባለፈው እሁድ ከቆመበት ብርድ መቶት ነው የወጣው!»

«ቀኝ ተመላላሻቸው ቀርፋፋ ነው» ይላል ሹፌሩ። ሹፌሩ የኛን ቡድን አውቶቡስ ነው የሚነዳው። ተጫዋቾቹን ስለሚያመላልስ ጎሎቹን እሱ ያገባቸው ይመስለው ነበር። «እሱን እኔ በሁለተኛ ማርሽ እቀድመዋለሁ።»

«ቅደመዋ! ከቀደምከው በኋላ ማን ይጠብቅሃል? ቁልፉ ይጠብቅሃል።»

ቁልፉ ሲባል ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የቶንዶሱ ድምፅ ብቻ ይሆናል። አምስት ቁጥሩ፣ የመሃል ተከላካያቸው። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያስታውስ አልነበረም።

«ሸርተቴ ሲገባ አይታችሁታል?» ይላል ልብስ ሰፊው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ቁምጣው አይቆሽሽም እኮ! ጭቃው ራሱ የሚያከብረው ሰው ነው።»

«አንተ ለማን ነው የምትደግፈው ግን?» ይላል አጎቴ።

«እውነቱን ነው የምናገረው! ኳሱን ያሳልፍልሃል፣ አንተን አያሳልፍህም። አንተን ያሳልፍህና ኳሱን ያስቀርብሃል። ሁለታችሁ አብራችሁ አልፋችሁ አታውቁም።»

«በጭንቅላቱ ላይ ያሳልፉታ!» እላለሁ እኔ። ለሕፃናት ፀጉር መቁረጫ የወንበሩ የእጅ መደገፊያዎች ላይ በምትጋደመዋ ጣውላ ላይ ነው የምቀመጠው፤ እዚያ ስሆን ከሁሉም እኩል ነኝ።

«ፊሽካ፣ አፍሽን ዝጊ» ይሉኛል ሦስቱም በአንድ ላይ። ፊሽካ እኔ ነኝ። በድምፄ ምክንያት ያወጡልኝ ነው፤ ዳኛ ሊያደርጉኝ አስበው አይደለም።

እስከዚያ ቀን ድረስ አንድ የተናገርኩት ነገር እንኳን ተቆጥሮልኝ አያውቅም። ይሄን ያዙልኝ።

ማክሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ ሰዎቹ ተበተኑ፤ አጎቴም ሊበላ ወጣ። እኔ መጋረጃው ስር ከወደቁ የፀጉር ቁርጥራጮች ጢም እየሰራሁ ለራሴ እለጥፋለሁ። የኋላው በር ተቧጠጠ። ሦስት ጊዜ።

አባባ ከፈተ። አንድ ረጅም ሰው ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ስቦ ገባና አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ኮፍያውን ሲያወልቅ ጢሜ ከከንፈሬ ላይ ወደቀ። ልብስ ሰፊው ሱቁ ውስጥ «ጠላትን ለማወቅ» ብሎ የለጠፈው ፎቶ ላይ ያለው ፊት ነው። ቁልፉ ነው! እኛ ቤት!

አባባ ደንበኛን ፊት ለፊት አያይም ነበር። ስም አይጠይቅም። ዘይቱን መዳፉ ላይ አሙቆ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በሁለት አውራ ጣቶቹ ነው የሚያነበው። የሰውየውን ግራ ጉልበት ይዞ ብዙ ቆየ። ዘይቱ አፍንጫ የሚያቃጥል ሽታ ነበረው። ሰውየው ጥርሱን ነክሶ ያቃስታል። የአባባ ግንባር ላይ ላብ ችፍ ብሏል።

«ይሄ ጉልበት ደክሟል» አለ አባባ። «ወደ ግራ ሲዞር እምቢ ይላል፤ እጄ ላይ እየነገረኝ ነው። የሚፈልገው ዕረፍት ነው፣ ሙሉ ዓመት። አትጫወት ልጄ።»

«ይቺን እሁድ ብቻ፣ አባቴ። ከዚያ በኋላ አርፋለሁ። አሁን ብናገር አሰልጣኙ ያስቀምጠኛል። አንዴ ከተቀመጥኩ ደግሞ ማን ያስነሳኛል?»

«ከወደቅክስ?»

«እንዳልወድቅ አድርገው ይሰሩኝ።» ሊስቅ ሞከረ። «የሚያውቀው እርስዎና እኔ ብቻ ነን።»

ያን ጊዜ ሰዎቹ ከምሳ ተመለሱ። የልብስ ሰፊው ድምፅ ግድግዳውን ሰንጥቆ መጣ፦ «ግድግዳ ነው አልኳችሁ!»

«ጎረቤቶችዎ ይጮኻሉ» አለ ቁልፉ።

«ጆሮ አትስጣቸው» አለ አባባ።

የፊቱን መንገድ አያውቀውም ነበር ለካ። ሁሌ በጀርባ ነው የሚመጣው። አባባ ጯኺዎቹ የገዛ ቤቱ ሰዎች መሆናቸውን ለምን እንዳልነገረው ያኔ አልገባኝም፤ አሁን ይገባኛል። ቢነግረው አይመለስም፤ ያ ጉልበት ሳይታሰር ሜዳ ይገባል።

እኔ ግን ያየሁት ሌላ ነው። ያየሁት የጠላት ቁልፍ እኛ ቤት ውስጥ ሲጠገን ነው። የገዛ አያቴ፣ እሁድ እሁድ ሰማያዊ ኮፍያ አድርጎ ሬዲዮ ስር የሚቀመጠው አያቴ፣ በላብ ተጠምቆ ቀዮቹን ሲያበረታ! ይሄ ረጅም ሰውዬ አስፈራርቶት ነው አልኩ። ወዶ አያደርገውም። የሚያድነው ሰው ያስፈልገዋል፤ ቤቱ ውስጥ ደግሞ ከኔ በስተቀር ማን አለ?

ሰውየው እንደወጣ መጋረጃው ተገለጠ።

«አየሽ?» አለ አባባ።

«ቀይ ነው እኮ!»

«ጉልበቱ ማሊያ ለብሷል እንዴ?» ጎንበስ ብሎ በዘይት በራሰ ጣቱ የአፍንጫዬን ጫፍ ነካ። «አላየሽም።»

«አላየሁም» አልኩ።

አላየሁም ነው ያልኩት። አልናገርም አላልኩም። ይሄን ልዩነት ለብዙ ዓመት እንደ ትልቅ ብልጠት ይዤው ኖሬያለሁ።

ዓርብ ዕለት ክርክሩ ጦፈ። ሹፌሩ በማግስቱ ቡድኑን ልምምድ ይወስዳል። ልብስ ሰፊው ሜትሩን ወለሉ ላይ ዘርግቶ ቁልፉ በአንድ እርምጃ ምን ያህል እንደሚሸፍን ያሳያል።

«እዚህ ጋ ቆሞ እዚህ ድረስ! በቀኝ ብትመጣ እዚህ ነው። በመሃል ብትመጣ እዚህ ነው። የት ትሄዳለህ?»

«ቤቴ» አለ ሹፌሩ።

ሁሉም ሳቁ። ሳቃቸው ውስጥ ግን የተሸነፈ ሰው ድምፅ ነበረበት። አባባን አሰብኩት። ጣውላዬ ላይ ቆምኩ።

«በግራው በኩል ይለፉት!»

«ፊሽካ፣ ውረጂ!»

«ግራ ጉልበቱ አይዞርም! ወደ ግራ ሲዞር እምቢ ይላል!»

አጎቴ ቶንዶሱን አጠፋው። ወደ መጋረጃው አየ፣ ከዚያ ወደ እኔ። ፊቱ ላይ ያየሁት አድናቆት መስሎኝ ነበር። ዛሬ ያቺ ፊት ትዝ ስትለኝ አድናቆት አይደለም፤ አንድ ነገር ከእጁ ማምለጡን ያወቀ ሰው ፊት ነው። ግን አላስቆመኝም።

«ማን ነገረሽ?» አለ ሹፌሩ ቀስ ብሎ።

«አውቃለኋ!»

ሹፌሩም ወደ መጋረጃው አየ። ሌላ አልጠየቀም። ኮፍያውን አንስቶ ወጣ፤ ክርክሩ ሳያልቅ ሲወጣ ያን ቀን ብቻ ነው ያየሁት።

እሁድ ሬዲዮኑ መስታወቱ ስር ተቀመጠ። ከመጀመሪያው ደቂቃ የክንፍ አጥቂያችን ቦታውን ለቅቆ ወደ ቁልፉ ግራ መጣ። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ አሥር ጊዜ። የሬዲዮኑ ሰውዬ «ምን ነካው ዛሬ፣ ሌላ መንገድ የለውም?» ይላል። አጎቴ ጥፍሩን ይበላል። እኔ ጣውላዬ ላይ እንደ ንግሥት ተቀምጫለሁ።

በሰባ ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ኳሱ እንደገና በዚያው በኩል ሄደ። ቁልፉ ዞረ። የነካው ሰው አልነበረም፤ ይሄን የሬዲዮኑ ሰውዬ ሦስት ጊዜ ነው የደጋገመው፣ «ማንም አልነካውም»። ከዚያ ድምፅ ጠፋ። የዚያን ያህል ሰው የሞላበት ሜዳ ዝም ሲል በሬዲዮ ይሰማል፤ እንደ ነፋስ ነው። ከዝምታው ውስጥ አንድ ሰው ሲጮህ ሰማሁ። የጮኸው ግን ተመልካች አልነበረም።

«ጎል!» አለ ልብስ ሰፊው። አጥቂያችን ሰው ሁሉ ቆሞ ሳለ ለካ አግብቶታል።

ትከሻቸው ላይ አወጡኝ። ጭንቅላቴ አምፖሉን ነካው። «ፊሽካ! ፊሽካ!» ይላሉ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ከፍ ብዬ አላውቅም። ከዚያ ከፍታ ላይ ሆኜ መጋረጃው ጋ አባባን አየሁት። ሰማያዊ ኮፍያው እጁ ላይ ነው። ሁለት አውራ ጣቶቹ ኮፍያውን ይጫኑታል፤ ቀስ ብለው፣ በክብ፣ እየፈለጉ። የሚያጨበጭብበት መንገድ ነው ብዬ እጄን አወዛወዝኩለት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ በሩ እንደገና ተቧጠጠ። ያን ቀን የተሰማው የጥፍር ድምፅ አይደለም፤ የእንጨት ነው፣ የክራንች ጫፍ። መጋረጃው ስር ገባሁ።

ቁልፉ አልተቀመጠም። «አበቃለት አሉኝ» አለ። «ከእንግዲህ አይታጠፍም አሉኝ።»

አባባ ዓይኑን አልጨፈነም። ለመጀመሪያ ጊዜ የሰውየውን ፊት እያየው ነበር።

«ሙሉ ጨዋታውን በግራዬ ነው የመጡብኝ። የሚያውቀው እርስዎና እኔ ነበርን። እኔ አልተናገርኩም።»

መጋረጃው ስር ልቤ ልትፈነዳ ደረሰች። በፍርሃት እንዳይመስላችሁ። አሁን ስሜ ሊጠራ ነው ብዬ ነው። ጠላት ራሱ ቤት ድረስ መጥቶ ማን አሸነፈኝ እያለ ነው! ልወጣ ጉልበቴን አጠፍኩ።

«ያወራሁት እኔ ነኝ» አለ አባባ።

ውሸታም! ልጮህ አፌን ከፈትኩ። ይህን ጊዜ አባባ ሳይዞር አንድ እርምጃ ወደኋላ ሄደና ጀርባውን መጋረጃው ላይ አስደገፈ። ክብደቱ ፊቴ ላይ አረፈ፤ ጨርቁ አፌ ውስጥ ገባ። ያ የዘይት ሽታ። ክራንቹ በቀጭኗ መንገድ ላይ እየራቀ እየራቀ እስኪጠፋ ድረስ እንደዚያ ቆመ።

ያን ቀን አላናገርኩትም። ክብሬን ነጠቀኝ ብዬ ለአንድ ሳምንት አኮረፍኩት። አባባም አንድ ቀን እንኳን አልተቆጣኝም፤ ጥፋተኛ ስለሆነ ነው ብዬ ነበር የማስበው።

ከዚያ በኋላ የኋላ በራችንን የሚቧጥጥ ጠፋ። ወጌሻው የደንበኛውን ገመና ለጠላት አሳልፎ ይሰጣል ተብሎ በየሜዳው ተወራ። መጀመሪያ ተጫዋቾቹ ቀሩ፣ ቀጥለው ሽማግሌዎቹ፣ በመጨረሻ ከዛፍ የወደቀ ልጅ የያዙ እናቶች እንኳን ሌላ ሰፈር መሄድ ጀመሩ። አባባ አርጅቶ ሥራ ያቆመ መስሎኝ ነበር። ግን ምሳ ሰዓት ሲደርስ ዘይቱን ያሞቃል፤ አግዳሚውን ያብሳል፤ በሩን እያየ ይቀመጣል። ሲመሽ ዘይቱን ወደ ጠርሙሱ ይመልሰዋል። አጎቴም፣ ሹፌሩም፣ ልብስ ሰፊውም እውነቱን ያውቃሉ። አንዳቸውም ወጥተው አልተናገሩም። እኔን ለማትረፍ ነው ይሉ ነበር በኋላ። እኔ እንጃ።

አባባ ሲሞት አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ትምህርቴን ትቼ መቀስ ይዤያለሁ። የመጨረሻዎቹ ቀናት ላይ ሰው አይለይም፤ አውራ ጣቶቹ ግን ብርድ ልብሱ ላይ ይዞራሉ፣ ቀስ ብለው፣ በክብ፣ እየፈለጉ። ሳየው ያጨበጨበልኝ የመሰለኝ ቀን ትዝ አለኝ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ያን እሁድ ኮፍያው ላይ ሲፈልግ የነበረው የሰውየውን ጉልበት ነው። ተነስቼ ወጣሁና ቀጭኗ መንገድ ላይ ቆምኩ።

ከተቀበረ በኋላ ነው በሩ መቧጠጥ የጀመረው።

ይኸው ሦስት ዓመት ሆነ። ባለፈው ሳምንት ኃይለኛ ዝናብ ነበር። አጎቴ ዓይኑ ስለደከመ አሁን እኔ ነኝ የምቆርጠው፤ እሱና ሹፌሩ መስኮቱ ስር ተቀምጠው ስለ ቀዮቹ አዲስ ተከላካይ ይጨቃጨቃሉ። አንድ ረጅም ሰው ከዝናቡ ሸሽቶ ገባ።

«ይቆረጣል?» አለ።

«ጆሮ አንቆርጥም እንጂ ፀጉር እንቆርጣለን፤ ይቀመጡ ጋሼ» አልኩት።

ተቀመጠ። ግራ እግሩ አልተቀመጠም፤ እንደ እንጨት ወደፊት ተዘርግቶ ቀረ። በመስታወቱ ውስጥ ሹፌሩ ወለሉን ማየት ሲጀምር አየሁት። አጎቴ ጋዜጣ አንስቶ ፊቱን ሸፈነ። ጋዜጣው ተዘቅዝቆ ነበር።

ቶንዶሱን አበራሁ። ከቀኝ ጀመርኩ። ወደ ፊት ለመዞር ያንን እግር መሻገር ነበረብኝ።

«ከዚህ ጀርባ ባለችው ቀጭን መንገድ ላይ አንድ ሽማግሌ ወጌሻ ነበሩ» አለ። «ታውቂያቸዋለሽ?»

«አውቃቸዋለሁ።»

«አሉ?»

«አርፈዋል። ሦስት ዓመታቸው።»

ዓይኑን ጨፈነ። «አንድ ነገር ልጠይቃቸው ነበር። ሁልጊዜ እመጣና ከመንገዱ ጫፍ እመለሳለሁ። ስለ እግሬ አይደለም። እሱ የራሴ ጥፋት ነው፤ አትጫወት ብለውኝ ነበር። ግን እንደዚያ ዓይነት እጅ ያለው ሰው እንዴት ብሎ ያወራል? አሥራ አንድ ዓመት አሰብኩት። አልገጥም አለኝ።»

የቀኙን ጨርሼ ነበር። ቶንዶሱን አጠፋሁት። በስምንት ዓመቴ ልጮኸው የነበረው ነገር፣ ጨርቅ አፌ ውስጥ ገብቶ ያስቀረው ነገር፣ ያኔ ያን ያህል ቀላል የነበረው ነገር፣ እንደ ድንጋይ እየጎረበጠኝ ወጣ።

«ያወራሁት እኔ ነኝ።»

በመስታወቱ ውስጥ አየኝ። ከዚያ ከኔ አልፎ መጋረጃውን አየው። ሹፌሩንና አጎቴንም አየ።

«ያ በር ወዴት ነው?»

«ወደ አባባ ክፍል።»

«ጎረቤት መስለውኝ ነበር» አለ።

ጨርቁን ከአንገቱ ፈታ። እግሩን በሁለት እጁ አንስቶ አዞረው፣ ተነሳ፣ ግማሽ ፀጉሩ እንደቆመ ዝናቡ ውስጥ ወጣ። ማንም አልሳቀም።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት በሩ ተቧጠጠ። እኔ ለምጄዋለሁ፤ መጥረጊያዬን ይዤ እስኪያልፍልኝ ቆምኩ።

«አንቺ» አለ አጎቴ። «በር እየተቧጠጠ ነው፤ አይሰማሽም?»

መጥረጊያው ከእጄ ወደቀ። መጋረጃውን አልፌ፣ አግዳሚውን አልፌ፣ ከፈትኩ።

ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ስቧል። ሲያወልቀው በቀኙ የተቆረጠ፣ በግራው የጎፈረ ጭንቅላት ነው። እንቅልፍ ያላየ ዓይን።

«ስንት ዓመትሽ ነበር?»

«ስምንት።»

«ስምንት» አለ። «ከአሰልጣኛችን ትሻዪ ነበር፤ እሱ ግራዬን አላየውም።»

በሩን ለቀቅኩለት።

ገብቶ የአባባ አግዳሚ ላይ ተቀመጠ፣ እግሩን ዘርግቶ። «ግራው ቀርቷል» አለ። «ጨርሺልኝ። ከዚያ ወደሳቸው ትወስጂኛለሽ። እንዲህ ሆኜ ፊታቸው አልቆምም።»

መቀሴን አምጥቼ ጨረስኩለት። አንዲት ቦታ ላይ ትንሽ አሳጥሬ ቆረጥኩ፤ አልተናገረም።

መቃብሩ ድረስ ለጤነኛ ሰው የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። እኛ ብዙ ፈጀብን። መንገዱ ከዝናቡ በኋላ ያዳልጣል። ማንም ሳይነግረኝ በግራው በኩል ሆንኩ፤ ሲደክመው ትከሻዬን ያዘ።